ትኬቱ ተሽጦ መድረኩ ያልቆመው ጉዞ፦ ቢቲኤስ በ2020

በአራት ምሽት ከ200 ሺህ በላይ ሰው ይገባል ተብሎ ነበር። ቦታው ሴኡል፣ ጃምሲል የሚገኘው የኦሎምፒክ ስታዲየም፤ ቀኖቹ ኤፕሪል 11፣ 12፣ 18 እና 19፣ 2020። (እዚህ ያሉት ቀኖች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) አንድም ሰው አልገባም። ቢቲኤስ የተባለው የደቡብ ኮሪያ የፖፕ ሙዚቃ ቡድን ያቀደው "ማፕ ኦፍ ዘ ሶል" የዓለም የኮንሰርት ጉዞ ከመጀመሪያዋ ከተማ ሳይነሳ ቀረ። ከዚያም ለወራት "ተራዝሟል" ሲባል ከርሞ፣ ኦገስት 2021 ላይ መሰረዙ በይፋ ተነገረ።

ስለ ኬ-ፖፕ (የኮሪያ ፖፕ ሙዚቃ) ቱሮች፣ ማለትም የኮንሰርት ጉዞዎች፣ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ስንት ስታዲየም ሞላ፣ ስንት ሚሊዮን ዶላር ገባ የሚል ነው። እኔ ግን ያልተካሄደውን መረጥኩ። የቤት ምሰሶ ምን ያህል ይሸከም እንደነበር የሚታወቀው ሲነሳ ነው፤ የቱርም ነገር እንደዚያው። የዚህ ምሰሶ ታሪክ የሚገርመው ደግሞ፣ ሲነሳ ይወድቃል የተባለው ነገር አለመውደቁና ማንም ያላሰበው ሌላ ነገር መዝመሙ ነው።

ከዚያ በፊት የነበረው ዓመት

ቢቲኤስ ጁን 2013 ሥራ ሲጀምሩ ኩባንያቸው ቢግ ሂት፣ በሴኡል ገበያውን ከያዙት ከሦስቱ ትልልቅ የሙዚቃ ድርጅቶች ጎን የማይቆጠር ትንሽ ቤት ነበር። በ2005 ያቋቋመው የዜማ ደራሲውና ፕሮዲውሰሩ ባንግ ሺ-ህዮክ ነው። ሰባቱ ልጆች፣ አርኤም፣ ጂን፣ ሹጋ፣ ጄ-ሆፕ፣ ጂሚን፣ ቪ እና ጆንግኩክ፣ ቀስ በቀስ ከትንንሽ አዳራሽ ወደ ትልልቁ፣ ከትልልቁ ወደ ስታዲየም ወጡ። ኦክቶበር 2018 ላይ ኒውዮርክ በሚገኘው ሲቲ ፊልድ ሲዘፍኑ፣ በአሜሪካ ስታዲየም በስሙ ኮንሰርት ያቀረበ የመጀመሪያው የኮሪያ ቡድን ሆኑ።

2019 ሙሉ በሙሉ የስታዲየም ዓመት ነበር። ከሜይ እስከ ኦክቶበር 20 ምሽት ሠሩ፦ ፓሳዴና፣ ቺካጎ፣ ኒው ጀርሲ፣ ሳኦ ፓውሎ፣ ለንደን ዌምብሌይ፣ ፓሪስ፣ ኦሳካ፣ ሺዙኦካ፣ ሪያድ፣ መጨረሻ ላይ ሴኡል። ለእነዚህ 20 ምሽቶች 976 ሺህ ገደማ ትኬት ተሽጦ 116.6 ሚሊዮን ዶላር ገባ። የሪያዱ ኦክቶበር 11 ቀን በንጉሥ ፋህድ ስታዲየም የተካሄደው ነው። ሳዑዲ ዓረቢያ ለመጀመሪያ ጊዜ ለአገር ጎብኚ የቱሪስት ቪዛ መስጠት ከጀመረች ገና ሁለት ሳምንቷ ነበር። የአንድ ቡድን የጉዞ ካርታ የአንድ መንግሥት ፖሊሲ ማሳያ ሊሆን እንደሚችል ያን ቀን ታይቷል።

የቢግ ሂት የ2019 ገቢ 587 ቢሊዮን ዎን (የኮሪያ ገንዘብ) ገደማ ሲሆን ሲሶ ያህሉ ከኮንሰርት የመጣ ነው። ቀሪው የአልበም፣ የማስታወቂያና የሸቀጥ ገቢም ቢሆን አብዛኛው ከቱሩ ጋር የተሳሰረ ነበር። በር ላይ ተሰልፎ ቲሸርት የሚገዛው፣ "አርሚ ቦምብ" የሚሏትን በብሉቱዝ የምትበራ የእጅ መብራት የሚይዘው፣ ኮንሰርት የሚገባው ሰው ነው። እንግዲህ የ2020ው ጉዞ ከዚህ የሚበልጥ ሆኖ ታቀደ፦ ከሴኡል ተነስቶ ሳንታ ክላራ፣ ፓሳዴና፣ ዳላስ፣ ኦርላንዶ፣ አትላንታ፣ ኒው ጀርሲ፣ ዋሽንግተን አጠገብ፣ ቶሮንቶ፣ ቺካጎ፣ ከዚያም ጃፓንና አውሮፓ። የዋሽንግተኑ ስታዲየም ሜሪላንድ፣ ላንዶቨር ያለው ነው፤ ሐበሻ ከሚበዛበት ሲልቨር ስፕሪንግ በመኪና ብዙም አይርቅም።

ስታዲየም ማለት ምን ማለት ነው

እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል፤ የኋላው ውሳኔ ሁሉ ከዚህ ስለሚመነጭ።

በአዳራሽ የሚሠራ ድምፃዊ የሚያገኘው መብራትም፣ ድምፅም፣ ጣራም ያለው ቤት ነው። ስታዲየም የሚሰጠው ሣር ብቻ ነው። መድረኩ፣ የብረት ማማው፣ ግዙፉ ስክሪን፣ ጄኔሬተሩ፣ ሣሩ እንዳይሞት ከላዩ የሚነጠፈው ወለል ሳይቀር ከውጭ ይመጣል። ብረቱን ማቆም ብቻ ቀናት ስለሚፈጅ ትልልቅ ቱሮች አንድ ዓይነት ብረት በሁለትና በሦስት ስብስብ ይይዛሉ። አንዱ ቺካጎ ላይ ቆሞ ሲዘፈንበት ሌላው ቶሮንቶ ላይ ይተከላል። መብራቱ፣ ካሜራው፣ ልብሱና ባለሙያው ግን አንድ ነው፤ እሱ በመኪናና በጭነት አውሮፕላን ከብረት ወደ ብረት ይሮጣል። ቀኑም በቡድኑ ምርጫ ብቻ አይወሰንም። ስታዲየሙ የእግር ኳስ ወይም የቤዝቦል ክለብ ቤት ነው፤ ዘፋኝ የሚገባው ክለቡ በማይጫወትበት ቀን ነው።

ስለዚህ የስታዲየም ጉዞ እንደ ሰንሰለት ነው። አንዲት ቀለበት ብትሰበር ሌላውን መቀጠል ይቻል ይሆናል፤ ድንበር ሲዘጋ ግን ሰንሰለቱ የሚያልፍበት መንገድ የለም። "ለሁለት ወር ብናዘገየውስ" የሚለው ጥያቄም ከውጭ እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። ሁሉም ስታዲየም፣ ሁሉም ባለሙያ፣ ሁሉም መኪና እንደገና በአንድ መስመር መሰለፍ አለበት።

አሥር ቀን በፌብሩዋሪ

የሰሜን አሜሪካው ትኬት ለሽያጭ የቀረበው በፌብሩዋሪ 2020 መጀመሪያ ነው። ኮቪድ ያን ጊዜ የቻይና ዜና ነበር። ፌብሩዋሪ 18 ቀን ደቡብ ኮሪያ 31ኛዋን ታማሚ ዴጉ ከተማ ውስጥ አገኘች፤ ከአንድ የሃይማኖት ጉባኤ ጋር የተያያዘው ወረርሽኝ በቀናት ውስጥ ፈነዳ። ፌብሩዋሪ 21 ቀን "ማፕ ኦፍ ዘ ሶል፦ 7" የተሰኘው አልበም ወጣ፤ ወሩ ሳያልቅ ከ4 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ። ፌብሩዋሪ 23 ቀን የኮሪያ መንግሥት የማስጠንቀቂያ ደረጃውን ወደ መጨረሻው ከፍ አደረገ። በማግሥቱ የአልበሙ ጋዜጣዊ መግለጫ ጋዜጠኛ በሌለበት አዳራሽ በዩቲዩብ ተላለፈ። ፌብሩዋሪ 27 ቀን ሹጋ፣ የትውልድ ከተማው ለሆነችው ዴጉ 100 ሚሊዮን ዎን ሰጠ። ፌብሩዋሪ 28 ቀን የሴኡል አራቱ ኮንሰርቶች ተሰረዙ።

ውሳኔው ከመክፈቻው ስድስት ሳምንት ቀድሞ ነው የመጣው። ኩባንያው ካቀረባቸው ምክንያቶች አንዱ የተመልካች ጤና ሲሆን ሁለተኛው ከላይ ያልኩት ሰንሰለት ነው፦ በተለያየ አገር ያሉ ባለሙያዎችና ዕቃዎች ኤፕሪል ላይ ድንበር ማለፍ መቻላቸው አይታወቅም። በእኔ አስተያየት በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ንጹሑ ውሳኔ ይህ ነው። መንግሥት ዝጉ ሳይል፣ ብረቱ ሳይተከል፣ "ተሰርዟል" ተባለ፤ ገንዘቡም ተመለሰ።

ከዚያ አድናቂዎቹ ያደረጉትን ኩባንያው አላዘዘም። የሹጋን ልገሳ ያዩ አርሚዎች (የቢቲኤስ አድናቂዎች የሚጠሩበት ስም ነው) ከትኬት የተመለሰላቸውን ገንዘብ ለአደጋ ጊዜ ረድኤት ድርጅት ማስገባት ጀመሩ፤ በጥቂት ቀን ውስጥ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዎን ተሰበሰበ። ይህን የምጠቅሰው ለሙገሳ ብቻ አይደለም። ኮንሰርት የተሰረዘበት ሰው ገንዘቡን በሌላ ሰው ስም መልሶ የሚያወጣ ከሆነ፣ መጀመሪያውኑ የገዛው ወንበር ብቻ አልነበረም ማለት ነው። ቢግ ሂት በሚቀጥሉት ወራት የሠራው ሥራ በሙሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው።

"ተራዝሟል" የሚለው ቃል

ሰሜን አሜሪካ ላይ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ማርች 26 ቀን ጉዞው ተራዘመ፤ ትኬቱ ለአዲሱ ቀን ያገለግላል ተባለ። ኤፕሪል 28 ቀን ደግሞ የጠቅላላው ጉዞ የጊዜ ሰሌዳ ተነሥቶ፣ አዲስ ቀን ወደፊት ይነገራል ተባለ። አልተነገረም።

በአሜሪካ የትኬት ንግድ "ተሰርዟል" እና "ተራዝሟል" መካከል ያለው ልዩነት የሰዋስው አይደለም። የተሰረዘ ትኬት ገንዘቡ ይመለሳል። የተራዘመ ትኬት ግን በሕይወት ያለ ትኬት ነው፤ ገንዘቡ እዚያው ይቆያል፤ ገዢው መልሱልኝ ማለት ቢፈልግ የሻጩን ደንብና ቀነ ገደብ መከተል አለበት። በዚያ ጸደይ ይህ ጥያቄ በአሜሪካ ውስጥ የአንድ ቡድን ጉዳይ አልነበረም፤ ኮንሰርት ሁሉ ቆሞ ስለነበር የትኬት ሻጮቹ ደንብ ከሕግ አውጪዎች ጭምር ወቀሳ አስነሥቶ ነበር። ለቢቲኤስ ትኬት የከፈለው ሰው ግን አብዛኛው ወጣት ነው፤ ሥራ ካጣ ቤተሰብ ኪስ የወጣ ገንዘብም ይኖርበታል።

ለኩባንያው ፍትሐዊ ለመሆን፣ ማርች 2020 ላይ "ለክረምት እንደርሳለን" ብሎ ማሰብ ሞኝነት አልነበረም፤ ሁሉም እንደዚያ ያስብ ነበር። ዲሴምበር 2020 ላይ ግን ማንም እንደዚያ አያስብም። ሆኖም የመሰረዙ ዜና የመጣው ኦገስት 2021 ነው። ያኔም በመግለጫው ውስጥ፣ እስከዚያ ቀን ትኬታቸውን ይዘው ለቆዩ የሰሜን አሜሪካ ገዢዎች የገንዘብ ተመላሽ መረጃ ይላካል የሚል ሐሳብ ነበረበት። ይህን ያህል ጊዜ ይዘው የቆዩ ነበሩ ማለት ነው። እነዚህ ሰዎች ቦታቸውን የያዙት በተስፋ ነው፤ ተስፋውን የሰጣቸው ደግሞ ያ አንድ ቃል ነው። ሴኡል ላይ ያየነው ግልጽነት እዚህ ጎድሏል እላለሁ።

ሳሎን የገባው ስታዲየም

ኤፕሪል 18 እና 19 የሴኡል ኮንሰርት የመጨረሻ ሁለት ቀኖች መሆን ነበረባቸው። በእነዚያው ሁለት ቀናት ቢግ ሂት የቀድሞ ኮንሰርቶችን ቀረጻ በዩቲዩብ በነፃ ለቀቀና "ባንግ ባንግ ኮን" አለው። ባንግ በኮሪያኛ ክፍል ነው፤ በየክፍሉ የሚታይ ኮንሰርት እንደማለት። በአንድ ጊዜ እስከ 2.24 ሚሊዮን ሰው አየው። የእጅ መብራቱም በኩባንያው "ዊቨርስ" መተግበሪያ በኩል ከቪዲዮው ጋር እንዲገናኝ ተደርጎ፣ ግማሽ ሚሊዮን ያህል መብራት በየሰው መኝታ ቤት በዘፈኑ ልክ ቀለሙን እየቀየረ በራ። በነፃ ነው፤ ግን ልምምድ ነበር።

የሚከፈልበትን መጀመሪያ የሞከረው ቢግ ሂት አይደለም። ኤፕሪል 26 ቀን ኤስኤም የተባለው የሴኡል የሙዚቃ ድርጅት "ሱፐርኤም" የተባለውን ቡድኑን ይዞ በትኬት የሚታይ የኦንላይን ኮንሰርት አቀረበና 75 ሺህ ሰው ገዛው። ቢግ ሂት ጁን 14 ቀን ተከተለ። ሴኡል ላይ ምሽት፣ አዲስ አበባ ላይ ሆኖ ላየ ሰው እሁድ ቀን 6 ሰዓት። ትኬቱ ለአድናቂ ማኅበሩ አባል 29 ሺህ ዎን፣ ለሌላው 39 ሺህ። በአንድ ጊዜ የተመለከተው ሰው ቁጥር 756,600 ደረሰ፤ ከ107 አገርና ግዛት። ኩባንያው ራሱ ያነጻጸረው 50 ሺህ ሰው በሚይዝ ስታዲየም 15 ጊዜ ከመዝፈን ጋር ነው። በዝቅተኛው ዋጋ ብናባዛው እንኳ 21.9 ቢሊዮን ዎን ይሆናል፤ ለአንድ ምሽት ሥራ፣ ያለ ጭነት አውሮፕላን፣ ያለ ስታዲየም ኪራይ። ኦክቶበር 10 እና 11 "ማፕ ኦፍ ዘ ሶል ኦን፦ኢ" በሚል ስም፣ የተሰረዘውን ጉዞ ዘፈኖች በግዙፍ መድረኮች ላይ ይዘው ሲመለሱ 993 ሺህ ሰው ከ191 አገርና ግዛት ገዛቸው። ለዚያ ጥቂት ሰው በአካል ለማስገባት ታስቦ ነበር፤ እሱም በኮቪድ ደንብ ቀረ።

ትኬቱ የተሸጠበት መንገድ ከቁጥሩ ያልተናነሰ ቁም ነገር አለው። በስታዲየም ጉዞ ገዢውን የሚያውቀው ትኬት ሻጩ ነው፤ አዘጋጁ፣ ስታዲየሙ፣ ቢራ ሻጩ ሁሉ ድርሻ አላቸው። በኦንላይኑ ግን አድናቂው ወደ ቢግ ሂት መተግበሪያ ገብቶ፣ የአባልነት ክፍያ ከፍሎ፣ ትኬት ገዝቶ፣ ቲሸርቱንም እዚያው አዝዞ ይወጣል። ዊቨርስ የተከፈተው ጁን 2019 ነው፤ ማንም ስለ ኮቪድ ሳያውቅ። ዕድል ነው ማለት ይቻላል፤ ግን ዕድሉ ያገኘው የተዘጋጀ ቤት ነው።

ኦክቶበር 15 ቀን 2020፣ ከዚያ ኮንሰርት አራት ቀን በኋላ፣ ቢግ ሂት አንዱን አክሲዮን በ135 ሺህ ዎን ሸጦ የኮሪያ የአክሲዮን ገበያ ገባ። የዓመቱ ገቢ 796 ቢሊዮን ዎን ሆነ። የኮንሰርት ገቢ ወደ ዜሮ ወርዶ፣ ጠቅላላ ገቢ ከ2019 በለጠ። ይህን ውጤት ግን ለሁሉም አንቆጥረው። የመድረክ ብረት የሚያስሩ፣ ድምፅ የሚያስተካክሉ፣ በቀን ክፍያ የሚሠሩ ሰዎች አክሲዮን የላቸውም፤ ሴኡል ውስጥ የነበሩ ትንንሽ የሙዚቃ ቤቶችም እንዲህ የሚታደጋቸው መተግበሪያ አልነበራቸውም።

የዘመመው

እዚህ ላይ ነው የጉዳዩ እውነተኛ ክብደት ያለው ብዬ የማምነው። "ማፕ ኦፍ ዘ ሶል፦ 7" ለሰባት አባላትና ለሰባት ዓመት ሥራ የተሰየመ አልበም ነው። ዋናው ዘፈን "ኦን" ከበሮና የሰልፍ ሙዚቀኛ ያለበት፣ ውዝዋዜው ለስታዲየም የተሠራ ነው። ቡድኑ ከዓመታት በኋላ እንደተናገረው፣ የመጀመሪያው ምዕራፋቸው መዝጊያ እሱ እንዲሆን ታስቦ ነበር፤ ጉዞውን ጨርሰው ትንሽ ማረፍና ወደየግል ሥራቸው ማዘንበል።

ጉዞው ሲቀር መዝጊያው ቀረ። መዝጊያ ስላልነበረ ደግሞ መክፈት ቀጠሉ። ኦገስት 21 ቀን 2020 ሙሉ በሙሉ በእንግሊዝኛ የተዘፈነው "ዳይናማይት" ወጣና ቢልቦርድ በተባለው የአሜሪካ የዘፈን ደረጃ ሰንጠረዥ ቁንጮ ላይ ተቀመጠ። በ2021 "በተር" ተከተለው፤ ከዚያ "ፐርሚሽን ቱ ዳንስ"። ሦስቱም በእንግሊዝኛ፣ ሦስቱም ብርሃናማ፣ ሦስቱም አንደኛ። ከውጭ ሲታይ የድል ዘመን ነው። ጁን 2022 ላይ ግን ሰባቱ ማዕድ ዙሪያ ተቀምጠው በቀረጹት ቪዲዮ፣ አርኤም ከ"ኦን" እና ከ"ዳይናማይት" በኋላ ቡድኑ ምን ዓይነት ቡድን እንደሆነ እንዳላወቀው ተናገረ። በማግሥቱ ኩባንያው፣ ያኔ ስሙ ሃይብ ሆኗል፣ ከአክሲዮን ዋጋው ሩብ ያህሉን በአንድ ቀን አጣ። በ2020 የቀረው ጉዞ ሂሳብ ከሁለት ዓመት በኋላ የመጣ ይመስለኛል፤ ያውም በኮንሰርት ዓምድ ሥር ሳይሆን።

የጊዜው ነገር ደግሞ ለኮሪያ ወንድ ቀልድ አይደለም። የወታደራዊ አገልግሎት አለ። የቡድኑ ትልቅ የሆነው ጂን ዲሴምበር 2020 ላይ 28 ዓመት ሞላው፤ በዚያው ወር የአገሪቱ ፓርላማ በባህል ዘርፍ ስመ ጥር የሆኑ ሰዎች ግዴታቸውን እስከ 30 ዓመት እንዲያዘገዩ የሚፈቅድ ማሻሻያ አጸደቀ። ሰው ሁሉ "የቢቲኤስ ሕግ" ያለው እሱን ነው። ሕጉ ሁለት ዓመት ሰጠ። ከዚያ ውስጥ አብዛኛውን የወሰደው ወረርሽኙ ነው። ጂን ዲሴምበር 2022 ላይ ካምፕ ገባ።

ጃምሲል እንደገና

በራሳቸው ኮንሰርት ከሰው ፊት የተመለሱት ኖቬምበር 27 ቀን 2021 ሎስ አንጀለስ፣ ሶፋይ ስታዲየም ላይ ነው። ጉዞ አልነበረም። አንድ ከተማ፣ አንድ ብረት፣ አራት ምሽት፤ 214 ሺህ ትኬት፣ 33.3 ሚሊዮን ዶላር። ዘዴው ተገልብጧል፦ መድረኩ ሰውን ፍለጋ ከመሄድ ይልቅ ሰው ወደ መድረኩ እንዲበር ተደረገ። ሰንሰለት ከሌለ የሚሰበር ቀለበትም የለም። ያም ሆኖ ከጉዞው መልስ ሹጋ፣ አርኤምና ጂን በገና ሰሞን በኮቪድ ተያዙ።

ሴኡል የደረሱት ማርች 10 ቀን 2022 ነው። ያው ጃምሲል፣ ያው የኦሎምፒክ ስታዲየም፤ በ2020 ሊዘፍኑበት ከነበረው ሁለት ዓመት ሊሞላ አንድ ወር ሲቀረው። ኮሪያ ውስጥ በቀን በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው እየተያዘ ስለነበር በምሽት 15 ሺህ ሰው ብቻ እንዲገባ ተፈቀደ። መጮህ ተከለከለ። አብሮ መዝፈንም፣ ከወንበር መነሳትም። ለገባው ሰው ሁሉ የሚያጨበጭብበት የታጠፈ ካርቶን ተሰጠው።

መብራቱ ጠፍቶ ሲበራ የመጀመሪያው ዘፈን "ኦን" ነበር። በስታዲየሙ ውስጥ ከሙዚቃው ሌላ የሚሰማው የካርቶን ድምፅ ነው።